ገጽ ሃያ ሦስት

ጎረቤቴ ላቀው በዚያ ማክሰኞ ማለዳ ከሱቄ የስሙኒ ቆሎ ገዛና ቆሎውን ባንኮኒዬ ላይ ደፍቶ መጠቅለያውን ብቻ ይዞ ወጣ። በሱቅ ሥራ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቻለሁ። አነሰ ብሎ የሚጨቃጨቅ አለ፣ ግማሹን ከበላ በኋላ ሻገተ ብሎ የሚመልስ አለ፤ ወረቀቱን መርጦ ቆሎውን የሚተው ግን ላቀው የመጀመሪያዬ ነው። «ምነው ላቀው፣ ጨው በዛበት?» ብዬ ብጠይቀው ዞር ብሎም አላየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ በካኪው የደረት ኪስ ከተተ፣ ኪሱን ቆለፈ፣ በመዳፉ ደግፎ ይዞ ቁርጠት እንደ ያዘው ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ላቀው በዋዛ የሚደነግጥ ሰው አይደለም። የፕላን መሥሪያ ቤት ሠራተኛና የፓርቲ አባል ነው፤ በሰልፍ ቀን የቀበሌያችንን መፈክር የሚያስጮኸው እሱ ነበር። ድምፁን ሳሙና በር ላይ ቢለቀው ፒያሳ ቡና የሚጠጣ ሰው ስኒውን አስቀምጦ ግራ እጁን ያነሣል እያልን እንስቅበት ነበር። ቤቱ ሲገባ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሚቀመጥ እንጃ። የእኔን ሱቅና የእነሱን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ የማንኪያቸው ኳኳታ ሳይቀር ይሰማኛል፣ የሱን ድምፅ ግን የምሰማው «ጨው አቀብይኝ» ሲል ነው። ከዚያ ሌላ ከሚስቱ ጋር የሚነጋገረው ነገር ቢኖር በምልክት መሆን አለበት።

ያን መጠቅለያ ያመጣችልኝ ሚስቱ ይርገዱ ነበረች። ይርገዱ ከከተማው ዳር ያለ የአንድ አፈር ጥበቃ ፕሮጀክት ታይፒስት ነች። የወጣትነት ዘመኗን በሙሉ የጽሕፈት መኪና ስትደበድብ ኖራ፣ አምና ፈረንጆቹ ኮምፒዩተር የሚባለውን ዕቃ ላኩላቸውና እሷን ከፊቱ አስቀመጧት። አንድ ቀን ሄጄ አይቼዋለሁ። ጥቁር መስታወት ነው፣ አረንጓዴ ፊደል ይወጣበታል። ጽሑፉ ውስጡ አለ ትላለች እንጂ አይታይም። ለማተም ስትፈልግ መስታወቱ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፍለታለች፤ ይህን ጽሑፍ አምጣ፣ በየገጹ ይህን ያህል መስመር አስፍር፣ በየገጹ አናት ላይ ይህን ጻፍ፣ አዲስ ምዕራፍ ሲመጣ አዲስ ገጽ ጀምር፣ ከግርጌ ቁጥር ስጥ። ከዚያ አንዲት ቁልፍ ትነካለች። ማተሚያው እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየጮኸ፣ ግራና ቀኝ ጠርዙ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ወረቀት እንደ መቀነት እያስረዘመ ይተፋል። «ታዲያ ሁሉን እሱ ከሠራው አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላት፣ «እኔማ አዝዛለሁ፣ እትዬ ባንቺ። በሕይወቴ የማዝዘው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው» ብላ ሳቀች።

ለሙከራ የወጣውና የተበላሸው ወረቀት ለእኛ ሲሳይ ሆነልን። የይርገዱ ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሱ ተለብጧል፤ እንግዳ ሲመጣ ስለ እርከን ሥራና ስለ ችግኝ እያነበበ ይቀመጣል። ለእኔ ደግሞ የቆሎና የጨው መጠቅለያ ነው። አሮጌ ጋዜጣ ከሻጩ ላይ በኪሎ በምንገዛበት ጊዜ፣ ያውም ዋጋው በየገበያው በሚጨምርበት ጊዜ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ማክሰኞ ማለዳም ሳላነብ ነው የጠቀለልኩት። ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ሴት ነኝ፣ ማንበቡ አያቅተኝም፤ ግን ቆሎ የሚጠቀልል ሰው ሪፖርት ካነበበ መቼ ሊሸጥ ነው?

ላቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ጆሮዬን ከግድግዳው አላራቅኩም። የእሱ ድምፅ፣ ከሹክሹክታ ብዙም ሳይዘል «ይህን ማን አየው?» አለ። እሷ የመለሰችውን አልሰማሁም። «ማን አየው ነው የምልሽ!» ሲል ጠረጴዛ ተመታ። መጨረሻ ላይ በሩ ተከፈተና «እኔ ይህን ወረቀት አላየሁም። ገባሽ? አላየሁትም» ብሎ ወጣ። ሱቄ በር ላይ ሲያልፍ ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። የደፋውን የቆሎ ነገር ላነሣበት አስቤ ተውኩት።

ወዲያው ይርገዱ መጣች። ነጠላዋን በትክክል እንኳ አልለበሰችም። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ «እትዬ ባንቺ፣ ማታ ካመጣሁልሽ ወረቀት ስንቱን ሸጥሽ?» አለችኝ። ለላቀው የመጀመሪያው ነው አልኳት። ተነፈሰች። እኔም አነበብኩት። በአናቱ፣ በሁለት መስመር፣ በደንብ ተስተካክሎ እንዲህ ይላል፦ «ጓድ ካሣዬ አስማረ፣ የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ አስኪያጅና የመሠረታዊ ፓርቲ ድርጅት ጸሐፊ»። ከሥሩ አንዲት ቃል ብቻ አለች፦ «ይውደም!» ከዚያ በኋላ ነጭ ወረቀት ነው፤ ከግርጌው ሃያ ሦስት የሚል ቁጥር። ነፍሴን ይማርና መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። ቀና ብዬ ፊቷን ሳየው ሳቁን ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ ትናንት ድረስ በሪፖርቱ ገጾች አናት ላይ የነበረው የጓድ ካሣዬ ስም በአንድ መስመር ያልቅ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰውየው የይርገዱን ትከሻ ተደግፎ መስታወቱን አየና «ጓድ ይርገዱ፣ ስሜ ራቁቱን ቆሟል! የፓርቲ ኃላፊነቴስ?» አለ። እሷም በትእዛዙ ላይ ሁለተኛ መስመር ጨመረችለት። በየገጹ አናት ላይ አንድ መስመር ሲጨመር ከየገጹ ሆድ አንድ መስመር ተቀነሰ፣ የተቀነሰው ሁሉ ወደሚቀጥለው ገጽ ተገፋ። አራተኛው ምዕራፍ የሚያልቀው እንደ ወግ ማዕረጉ በመፈክር ነው፤ ኢምፔሪያሊዝም፣ ፊውዳሊዝምና የአፈር መሸርሸር ይውደም የሚል። የአፈር መሸርሸሩን የጨመረው ራሱ ካሣዬ ነው፣ ፕሮጀክቱ እንዳይረሳ ብሎ። መፈክሩ ረዘመና የመጨረሻዋ ቃል ለብቻዋ አንድ መስመር ይዛ ነበር፤ ሲገፋ ሲገፋ እሷ ቦታ አጣችና ባዶ ገጽ ላይ ወደቀች። አምስተኛው ምዕራፍ አዲስ ገጽ እንዲጀምር ታዟልና ተከትሏት የሚመጣ ዘመድ እንኳ የላትም። በጽሕፈት መኪናው ጊዜ ቢሆን ይርገዱ ያችን ቃል እንደምንም ጨምቃ ከላይ ታስገባት ነበር። ማሽኑ ግን ያዘዙትን ነው የሚያደርግ፣ እሷም መብራት ሊጠፋ ነው ብላ የሙከራውን ወረቀት ሳታገላብጥ ቀድዳ፣ ወደ ስቴንስል፣ ወደ ማባዣው የሰም ወረቀት፣ ገባች። ስቴንስል ላይ ደግሞ የፊደሉ ቀለም አይታይም። አያ ሐብተ ማርያም፣ የመሥሪያ ቤቱ አባዢ፣ እስኪመሽ የማባዣውን እጀታ አዙሮ አባዝቶ፣ በሽቦ አስሮ፣ ዛሬ ማለዳ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ይዞት ሄዷል። ሪፖርቱ የሚነበብበት ስብሰባ በሦስት ሰዓት ነው።

ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ ስህተት ነው፤ ቢበዛ የአስራ አምስት ቀን ደመወዝ ይቀጡበታል። ይርገዱ ግን ክንዱ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። በቀይ ሽብሩ ጊዜ በጭልጋ በኩል ጫካ ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተ የሚልም ወደ ሱዳን ተሻገረ የሚልም አልተገኘም። በየዓመቱ ስለ እሱ ይጠይቋታል፣ በየዓመቱ አላውቅም ትላለች፣ በየዓመቱ ጠያቂው ቀና ብሎ ያያታል። ላቀው ፓርቲ ሲገባ ስለ ሚስቱ ወንድም ተጠይቆ ነበር። ምን ብሎ እንደ መለሰ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። እኔ እንደማስበው በዚያ ቤት ቃል የጠፋው ያኔ ነው። እንግዲህ የክንዱ እህት፣ ጓድ እገሌ ይውደም የሚል ገጽ በገዛ እጇ አትማ፣ ለተሰብሳቢ ሁሉ አባዝታ ስታድል ማን ነው መስመር ተገፍቶ ነው የሚላት?

«ሱቁን ልዝጋና አብሬሽ ልሂድ» አልኳት። እኔም የተጠራሁ ነበርኩ፤ የሴቶች ማኅበር ተወካይ ይሉኛል፣ ሥራዬ ግን ወንበር መሙላት ነው። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ ላቀው ከፊታችን፣ በመንገዱ ማዶ ይሄዳል። እሱም ለመሥሪያ ቤቱ ተወክሎ እዚያው ስብሰባ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየን፣ ከዚያ ፈጠን አለ። ከወለቃ የመጡ ሴቶች የሸክላ ሥራቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ ያልፋሉ፣ ወታደር የጫኑ ሁለት መኪናዎች አቧራ እየነዙ ወደ ደባርቅ በኩል ይወጣሉ። ዝምታው ስላስጨነቀኝ የዘይት ዋጋ አነሣሁ፤ ሽሮ ያለ ዘይት መሥራት ለምደናል አልኩ። «አዎ» አለችኝ። የባለቤቴን እህት ጉዳይ አነሣሁ። «አዎ» አለችኝ። ጃንተከል ዋርካ ጋ ስንደርስ ቆም አለችና «እትዬ ባንቺ፣ ‹አላየሁም› አለኝ እኮ። ‹ምን እናድርግ› ሳይሆን ‹አላየሁም›» አለች። እኔም እንግዲህ ምን ልበል፣ «አዎ» አልኳት።

አያ ሐብተ ማርያም ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የሪፖርቱን ቁልል በአግዳሚ ወንበር ላይ ደርድሮ፣ ለተሰብሳቢው ሻይ ያፈላል። ወንበር የሚደረድረውም፣ ሻይ የሚያፈላውም፣ የሚያባዛውም እሱ ነው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ አሁንም ማባዣውን ሲያዞር ዳዊት ይደግማል ይሉታል። ይርገዱ ወረቀቱን አሳየችው። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ።

«ይሄን በእጄ አዞርኩት?»

«አዎ፣ አያ።»

«ምነው ዓይኔን ባጠፋው! እኔ እኮ ነጭ ሲሆን ሸጋ ነው አልኩ። ቀለም ቆጠበልን አልኩ።»

«አያ፣ እናውጣው። ይህችን ገጽ ብቻ ከሁሉም እናውጣት።»

ሽማግሌው በሩን ዘጋ። ሦስታችን መሬት ላይ ተቀምጠን ከየቅጂው ገጽ ሃያ ሦስትን ፈልገን፣ ሽቦው ጥግ ላይ ፍንካች እንዳይቀር በጥፍራችን እየያዝን፣ ቀስ እያልን መንቀል ያዝን። አያ ሐብተ ማርያም የተነቀለውን እየጨበጠ በከሰሉ ምድጃ ሥር ይማግዳል። ያን ቀን ለተሰብሳቢው የፈላው ሻይ በጓድ ካሣዬ ስም የፈላ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ከአዳራሹ የወንበር ጉተታ መሰማት ሲጀምር የመጨረሻውን ነቀልን። አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ይርገዱ ቦርሳ ውስጥ ያለው የቆሎ መጠቅለያዬ ነው። ልንማግደው ስንል የካሣዬ ድምፅ በሩ ላይ ተሰማ፤ «አያ ሐብተ ማርያም፣ ሪፖርቱ የታለ?» እያለ። ይርገዱ ቦርሳዋን ዘጋች።

ስብሰባው እንደ ወጉ በመፈክር ተከፈተ። ግራ እጃችንን አነሣን፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ጮህን፣ አወረድን። ጓድ ካሣዬ አዲስ ካኪ ለብሷል፣ ፀጉሩን ተላጭቶ አንገቱ ላይ ዱቄት ተነስንሶበታል። ክፉ ሰው ነው አልልም። ትንሽ ስሙን የሚወድ፣ ከላይ ሰው ሲመጣ ደግሞ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። ከጎኑ ከላይ የመጣው ተቆጣጣሪ ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሻዩን ያልነካ። ይርገዱ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ላቀው ከወንዶቹ መካከል፣ ከእኔ ሁለት ረድፍ ፊት ነው። ሪፖርቱ ታደለ። ካሣዬ ማንበብ ጀመረ፣ ሰዉም ማንቀላፋት ጀመረ። ይርገዱን አየኋት፣ እሷም አየችኝ፤ ትከሻዋ ትንሽ ወረደ።

እኛ ሦስታችን የረሳነው ነገር ነበር። ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል ብያለሁ። ተቆጣጣሪው ሪፖርት የሚያነብ ሰው አይደለም፤ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጽ የሚቆጥር ሰው ነው። ካሣዬ ገና ስለ ችግኝ መፍላት ሲያነብ፣ ሰውየው የራሱን ቅጂ ወደፊት ገለጠ፣ ወደኋላ ገለጠ፣ የጎረቤቱን ቅጂ ስቦ ገለጠ። ከዚያ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ።

«ከሃያ ሁለት ቀጥሎ ሃያ አራት ነው።»

ካሣዬ አልገባውም። «አቤት ጓድ?»

«ገጽ ሃያ ሦስት የት ሄደ?»

አዳራሹ በሙሉ ገለጠ። የወረቀቱ ድምፅ ዝናብ የመጣ ይመስል ነበር። «እኔም የለኝ»፣ «እኔም የለኝ» ማለት ከየረድፉ ተሰማ። ተቆጣጣሪው ገጽ ሃያ ሁለትን አነበበ፤ ምዕራፍ አራት ለእርከን ሥራው ለገበሬው ስለተሰጠው ስንዴና ዘይት ነው። ሰውየው ፈገግ አለ፣ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። «ስንዴና ዘይቱ የት እንደ ገባ የሚናገረው ገጽ ከሁሉም ቅጂ ተነቅሏል። ሽቦው ሥር ፍንካቹ አለ፣ ይኸው» አለ። መጥፎ ቃል ያለባትን ገጽ ነቅለን ሌብነት ያለባት አስመሰልናት። ካሣዬ ላቡን ጠረገ። «ጓድ ተቆጣጣሪ፣ ይሄ የአባዢው ሥራ ነው! አያ ሐብተ ማርያም!» ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌው የሻይ ሰሐኑን እንደያዘ መጣ። ገጹን ማን ነቀለው ሲሉት «እኔ ነኝ» አለ። ለምን ሲሉት ዝም። ማን አዘዘህ ሲሉት ዝም። በስንት ሸጥከው ሲሉትም ዝም። ወደ ይርገዱ በኩል አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑን አላዞረም። በር ላይ የነበረው ጥበቃ መጥቶ ክንዱን ያዘው። ሰሐኑን ማን እንደ ተቀበለው አላውቅም። አያ ሐብተ ማርያም ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዕቃ ሊያነሣ እንደ ተጠራ ሰው ጸጥ ብሎ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። እኔ ከወንበሬ ተጣብቄ ቀረሁ። የላቀውን ማጅራት አየሁ፤ እንደ ድንጋይ ደርቋል።

ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። ይርገዱ ተነሥታለች። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን አውጥታ «ገጽ ሃያ ሦስት ይኸው» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ተሰማ። «እሱን ልቀቁት። ያተምኩትም እኔ ነኝ፣ ይነቀል ያልኩትም እኔ ነኝ። ስንዴ የለበትም።»

ተቆጣጣሪው እጁን አልዘረጋም። «ምን አለበት ታዲያ?»

«ስህተት ነው ያለበት። የገጽ ስህተት።»

«የገጽ ስህተት!» አለና ወደ ካሣዬ ዞረ። ካሣዬ ስንዴ የለበትም ሲባል ነፍሱ መለስ አለች። የስንዴው ሒሳብ ንጹሕ መሆኑን ያውቃል፣ ሌላ የሚፈራው ነገር ደግሞ በዓለም ላይ የለም። ደረቱን ነፋ። «ታንብበው! ጮክ ብላ ታንብበው! ይህ ጽሕፈት ቤት ከሰፊው ሕዝብ የሚደብቀው አንዳችም ነገር የለም!»

«አንብቢ» አለ ተቆጣጣሪው።

ይርገዱ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። የቆሎው ጨው አሁንም ጠርዙ ላይ ያብለጨልጫል። ቃል በቃል፣ ፊደል ለመቁጠር እንደ ተጠራች ተማሪ አነበበች። «ጓድ ካሣዬ አስማረ።» ካሣዬ ራሱን ነቀነቀ። «የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ አስኪያጅና የመሠረታዊ ፓርቲ ድርጅት ጸሐፊ።» እንደገና ነቀነቀ። ቆም አለች።

«ይውደም!»

ካሣዬ የጀመረው ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር። የተቆጣጣሪው እጅ ወደ ጥበቃው ሊጠቁም ከጠረጴዛው ተነሣ። በዚህ መሃል ከፊቴ፣ ከሁለተኛው ረድፍ፣ በሰልፍ ቀን ካልሆነ የማላውቀው ያ ድምፅ ወጣ። ላቀው ነው። ከወንበሩ ተነሥቷል፤ ግራ እጁን ጨብጦ ጣሪያ እስኪነካ ሰቅሏል።

«ይውደም!»

ሰዉ ለዓመታት የለመደው ነገር ነው። መሪው ሲጠራ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ተቀባዩ ሲቀበል እጅ ይነሣል፤ ማን ይውደም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፣ ያን ቀንም አልጠየቀም። ያንቀላፉት በርግገው ተነሡ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ይውደም!» አለ፣ ላቀው ደገመው፣ አዳራሹ ደገመው፣ ሦስተኛውን መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የእኔም እጅ ከሰዉ ጋር ነበር፤ ማን እንዳነሣው አላውቅም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የአያ ሐብተ ማርያምን ክንድ ለቆ ግራ እጁን አንሥቷል። መድረኩ ላይ ደግሞ ጓድ ካሣዬ አስማረ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የራሱን ግራ እጅ ጨብጦ ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል።

እጆች አንድ በአንድ ወረዱ፤ አንዳንዱ ፀጉሩን ሊያክ እንዳነሣው ሁሉ ጭንቅላቱን እያከከ ነው ያወረደው። ማንም ማንንም አላየም። ተቆጣጣሪው ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አየ። ማንን ይያዝ? ይርገዱን ቢይዝ ያነበበችው አንብቢ ተብላ ነው። ሌላውን ልያዝ ቢል አዳራሹን ሙሉ በስንት መኪና ይጭነዋል? በመጨረሻም የራሱን እጅ ተመለከተ። ጥበቃውን ሊያዝ ያነሣው ነው፤ ግራው ይሁን ቀኙ፣ ሊጠቁም ይሁን ሊያወግዝ፣ እሱም የተጠራጠረ መሰለኝ። ቀስ ብሎ አወረደው። ወረቀቱን ከይርገዱ ተቀበለ፣ አየው፣ አራት ላይ አጠፈው፣ በደረት ኪሱ ከተተና ቁልፉን ቆለፈ።

«የገጽ አደራደር ስህተት ነው» አለ። «ስብሰባው ይቀጥላል።»

ካሣዬ ከሃያ አራት ጀምሮ አነበበ። ድምፁ እንደ በሽተኛ ነበር። አያ ሐብተ ማርያም ሻይ አደለ። ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ይርገዱም ይህንኑ ጻፈች።

ወደ ቤት ስንመለስ ላቀው እንደ ማለዳው ከፊታችን ሄደ፣ ግን በማዶ አልነበረም፣ በእኛው ጠርዝ ነበር። አልጠበቀንም፣ አልራቀንምም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማለዳ የደፋብኝን ቆሎ በሰሐን አድርጌ ወደ ቤታቸው ገባሁ፤ ያለ ወረቀት ነው፣ ያን ቀን ወረቀት መንካት አስጠልቶኝ ነበር። «ይኸው ያንተ ቆሎ፣ ላቀው። ከፍለህበታል» አልኩት። አንዳቸውም አልሳቁም። ይርገዱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ላቀው ዱካ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ራት አልቀረበም። በግድግዳው ላይ ያለው ሪፖርት ከወለል እስከ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ ገጹ ሁሉ ቁጥር አለው። ያን ግድግዳ ስንት ጊዜ አይቼው ስለ ቁጥሩ አስቤ አላውቅም ነበር።

ተቀምጬ ወሬ ስፈልግ በሩ ጥግ ያለውን አየሁ። የታጠፈ ጋቢ፣ በላዩ በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ። ይህን የማያውቅ የለም፤ ሊወሰድ የሚችል ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ያዘጋጀዋል፣ ሲመጡ ጊዜ አይሰጡምና። ማን እንዳዘጋጀው ለመጠየቅ ይርገዱን አየሁ፣ እሷ ግን እኔን ሳይሆን ጋቢውን ታያለች። ያን ጊዜ ነው ከሥሩ ሁለተኛ ጋቢ መኖሩ የታየኝ። ጠርዙ የተተለተለው፣ የላቀው የራሱ ጋቢ። ዳቦውም ሁለት ቋጠሮ ነው።

«አውቀህ ነው?» አለችው ይርገዱ። «አዳራሹ ውስጥ። አውቀህ ነው ወይስ ልማድ ሆኖብህ?»

ላቀው ከሰሐኑ ጥቂት ቆሎ ዘገነ። በመዳፉ እንደያዘው ወደ ጋቢዎቹ አየ። «ሌሊቱ ይበርዳል» አለ።

ይርገዱ ተነሥታ አጠገቡ፣ መሬት ላይ ተቀመጠችና ከመዳፉ ቆሎ አነሣች። ከታች ከሳሙና በር በኩል መኪና ዳገቱን እያጓራ ሲመጣ ሦስታችንም ማኘክ አቆምን። መብራቱ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ግድግዳውን ከገጽ ወደ ገጽ እየዞረ ሄደ፣ እኛ ላይ ደረሰ፣ አለፈ። ድምፁ ወደ ፒያሳ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅን። ከዚያ ማኘክ ጀመርን። ጋቢዎቹን ከበሩ ጥግ ያነሣ ግን አልነበረም።